ውሃው በማን ማሳ ይለፍ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰኔ ከሌሎቹ ወሮች የተለየ ጠባይ አለው። ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲል የከረመ ቢሮ ሰኔ ሲገባ ድንገት ባለጠጋ ይሆናል። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ነው፤ ተመላሽ ያደረገ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል። ስለዚህ ሁሉም ይሯሯጣል። እኔም ቢቸና ላይ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ስቀጠር ከሯጮቹ አንዷ ሆንኩ፤ እንዲያውም ፈጣኗ ሳልሆን አልቀርም። በዚያ ጥድፊያ የአንዲት አሮጊት መሬት ሁለት ጊዜ ለጎርፍ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ጊዜ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ደስ ስለሚለኝ ነው።

የተወለድኩት እዚያው ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ ነው። የአማኑኤል አፈር ቀይ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። እዚያ እርከን ሠርቶ ውሃውን ማቆር ነው፤ አፈሩ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የቢቸና ዙሪያ ግን መረሬ ነው፣ ጥቁር አፈር። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ያብጥና ይገጥማል፣ ጫማ ይነጥቃል እንጂ ውሃ አያሳልፍም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። ማሳው ላይ ስቆም ግን ልቤ የቆመው አማኑኤል ነበር።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ በነፃ ጉልበቱ እርከን የሚሠራበት ዘመቻ ነበር፤ የመንግሥት ወጪ መሣሪያው፣ ባለሙያውና የባለሙያው አበል ነው። ከላይ የወረደልን ቅጽ ለእርከን አንድ ዓምድ ብቻ ነበረው፦ ውሃ የሚያቁር እርከን፣ በኪሎ ሜትር። እኔ ደግሞ ባዶ ቅጽ ሳይ ያመኛል። ከከተማው ብዙም በማይርቅ ተዳፋት ላይ ገመዴንና የውሃ ልኬን ይዤ ወጣሁና ችካል መትከል ጀመርኩ። የላይኛው ማሳ ባለቤት፣ ረጅም ጠይም አባወራ፣ ዶማቸውን ተደግፈው ጥቂት አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይኸ መሬት እኮ ውሃ የጠገበ ነው። እኛ ውሃ ስናስወጣ ነው የምንኖር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የዚያ አገር ገበሬ ጤፉን ከዘራ በኋላ በበሬ ሰያፍ ቦይ ያወጣል፤ ፈሰስ ይሉታል። ትርፉ ውሃ በፈሰሱ ወርዶ ካልወጣ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

«ግድ የለም አባቴ፣ ጥናት ተደርጎበታል» አልኳቸው። ጥናቱን አይቼው አላውቅም።

«እሺ» አሉ።

ያችን እሺ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰውን ፊት ለፊት ላለማሳፈር የሚባል እሺ አለ። እሳቸውም ጎረቤቶቻቸውም ሃያ ምናምን ቀን ሙሉ በትጋት ቆፈሩ፤ እርከኑ በገመድ የተሰመረ መስሎ ቀጥ አለ፤ ለእኔም በስብሰባ ፊት የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ለእናቴ ላኩላትና በመስታወት አሰርታ ሰቀለችው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው እያንዳንዱ እርከን ሥር ተኛ። ጤፉ ቢጫ ማለት ጀመረ። ገበሬዎቹም ለእኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እርከኑን በየታችኛው ማዕዘኑ በጠሱት። በጥር መንግሥትን አስደሰቱ፣ በሐምሌ ጤፋቸውን አዳኑ። ክፋቱ፣ ሁሉም የበጠሰው ተከራካሪ በሌለበት በኩል ነው። ውሃው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ላይ የወረደው ተዳፋቱ ሥር ባለው የእማማ ማሳ ላይ ነበር።

እማማ የምላቸው ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ጥማድ መሬታቸውን በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈሉ፣ የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሞጣ ላይ በያጅ ነው። ወሬውን ሰምቼ ስሄድ በር ላይ ጠብቀውኝ፣ «ነይ እይው» ብለው በጭቃው እየመሩኝ ወረዱ። መሬታቸው መሐል ለመሐል ተቀዷል። ቦረቦሩ ውስጥ ብቆም ጫፉ ከራሴ በላይ ነው። እያየሁት እንኳ ከዳር ዳሩ አንድ ትልቅ ጓል አፈር ተንዶ ቡናማው ውሃ ውስጥ ገባ።

«ለምን ጎረቤቶችዎን አይናገሩም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? መንግሥት ያሠራውን አፈረሱ ብዬ ላስቀጣቸው? ነገ የሚቀብሩኝ እኮ እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ዝም ይበሉ?»

«ዝም ማለትስ ዝም አልኩ። ልጄ ነው ዝም የማይለኝ። በመጣ ቁጥር እናቴ ሞጣ እንሂድ ነው ወሬው። እስከ ዛሬ መሬቴን ለማን ትቼ እያልኩ እመልሰው ነበር። ይኸ ካለቀ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ? ልጄ ደግ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት። ግን የኔ ልጅ፣ ተቀምጠው የሰው እጅ እያዩ ማርጀት ይከብዳል።»

ከዚያ ከቦረቦሩ ጫፍ እስከ ጎጇቸው ድረስ በእርምጃ ለኩልኝ። እንዳሁኑ ከሄደ ሦስት ክረምት እንደማይፈጅበት ነገሩኝ። ቀን እንደጎደለበት ሰው ፈዝዤ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ነገሩን በገንዘብ ላስተካክለው ቆረጥኩ። ቦረቦር የሚገታው ጋቢዮን ነው፤ የሽቦ ሣጥን ተሠርቶ በድንጋይ ይሞላና ለውሃው ግድግዳ ይሆናል። ሽቦው ውድ ነው። የበጀት ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የጤናው ባልደረባዬ ለክትባት የሚሆን ማቀዝቀዣ ይጠይቅ ነበር። ድሃ አገር ውስጥ አካባቢ ጥበቃ ማለት ይኸ ነው፤ ለአንድ ቦረቦር የጠየቅሽው ገንዘብ አጠገብሽ ከተቀመጠ ሰው እጅ የሚወጣ ነው። እኔ ፎቶ ይዤ ነበር፣ ስለ እማማም ተናገርኩ፣ ድምፄም ከፍ ያለ ነው። ሽቦው ተፈቀደ። ባልደረባዬ ሲወጣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ፤ ቅር እንዳላለው ለማሳየት ፈገግ ለማለት የሞከረው ሙከራ አንጀቴን በላው።

ግዢው ዞሮ ዞሮ ሽቦው የደረሰን ሰኔ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነው። ዝናቡ ጀምሯል። ወሩ ሳያልቅ ካልተሠራና ካልተወራረደ ገንዘቡ ይመለሳል። ኃላፊዬ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው፣ «ወይ አሁን ወይ መቼም» አለኝ። ድንጋይ በጭቃ ተጎተተ፣ መሠረቱ በቅጡ ሳይቆፈር፣ ጎንና ጎኑ ወደ ዳርቻው ሳይገባ ጋቢዮኑ ቆመ። ፎቶ ተነሣ። ሪፖርቱን ስጽፍ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ሐምሌ ሲጋመስ ውሃው ወደ ጋቢዮኑ መጣና ጥቂት ቆም አለ። ከዚያ በጎኑ ዞሮ ሄደ። ግድግዳዬ መሐል ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ቦረቦሩ ከእማማ ማሳ ሌላ ሰፊ ቁራጭ ጨምሮ ወሰደ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብቻ ያዩ ነበር። እኔ እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማቀዝቀዣው ሰውዬ ፈገግታ ነበር ትዝ ያለኝ።

ለቅሶዬ ሲያልቅ ንዴቴ መጣ። ወደ ላይኛው ማሳ ወጣሁና ዶማቸውን ተደግፈው ላገኘኋቸው አባወራ ያለ የሌለ ቁጣዬን አወረድኩባቸው። እርከኑን ለምን በጠሱ፣ የደሃ ሴት መሬት ለምን ያስበላሉ፣ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ውሃው የኔ ነው፣ አልክድሽም» አሉ። «ግን የት ላድርሰው? አንቺ አቁም አልሽኝ። እሱ አይቆምም። ውሰደው ብለሽ መንገድ ያሳየሽኝ ጊዜ አለ?»

አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃውን ከላይ ስይዝ፣ ከታች ስገድብ፣ የት ይሂድ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤ ቅጹም አልጠየቀኝም።

«እኔ ብቻዬን አልመልስልሽም፣ ሁላችንም አለንበት። መስቀል ይለፍና ለሚካኤል ነይ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ሌላ ጥፋቴን ልናገር። ስብሰባ የምጠራው ሁልጊዜ በሥራ ቀን ነበር። የሥራ ቀን ለእኔ የሥራ ቀን ነው፤ ለገበሬው ደግሞ በሬ የሚጠመድበት። ሰው ሳይመጣልኝ ሲቀር «ግንዛቤ የላቸውም» ብዬ እጽፍ ነበር። ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ባለወልድን የመሳሰሉት ቀኖች ግን ማንም የማያርስባቸው፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ስሞ የሚመለስባቸው ናቸው፤ አባትና ልጅ፣ ባለጋራና ባለጋራ የሚገናኙትም ያኔ ነው። የዲያቆን ልጅ ሆኜ ይህን ማጣቴ ያሳፍረኛል። ለሚካኤል ያለ አበል፣ በራሴ እግር ሄድኩ።

የወሰንና የውሃ ጠብ እዚያ አገር የሚታየው ቦታው ላይ ቆሞ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የተዳፋቱ ባለቤቶች ሁሉ መጡ፣ እማማም መጡ። ከላይ ጀምረን የእያንዳንዱን ፈሰስ ተከትለን ወረድን። ይኸ የማን ነው ሲባል ባለቤቱ «የኔ» ይላል፤ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ታች ስንደርስ ሁሉም «የኔ» ብሎ ነበር። ከዚያ ቦረቦሩ ጫፍ ላይ ቆመን ወደ ውስጥ አየን።

እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። ውሃው ሁሉ የሚገባበት አንድ የጋራ መውረጃ ያስፈልጋል፤ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ወለሉ ሣር የሆነ። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃው ላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ግን መሬት ይበላል። መንግሥት ለሣሩና ለመሣሪያው ይከፍላል፣ ለመሬቱ ግን ካሣ የሚባል ርዕስ በጀታችን ውስጥ የለም። ይህን ስናገር ሁሉም ወደ እግሩ ማየት ጀመረ። የጤፍ መሬት ነው፤ አንድ እርምጃ መስጠት ቀላል አይደለም።

«በእኔ ወሰን በኩል አራት እርምጃ ይሂድ» አሉ የላይኛው አባወራ። እንደ ዋዛ ነው ያሉት። ከዚያ ቀጣዩ ፊቱን አሻሸና «እንግዲያ በእኔም» አለ። እንዲህ እየተቀባበሉ መስመሩ እስከ ታች ወረደ።

«ሣሩስ የማን ይሁን?» አለ አንዱ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሣር ቢቸና ገበያ ላይ ጥሩ ያወጣል፤ ሠንጋ የሚያደልብ ሁሉ ይፈልገዋል። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አባወራው ወደ እማማ ዞሩ።

«ለእትዬ ይሁን። እስከ ዛሬ የላክንላቸው ጭቃ ነው» አሉ።

እማማ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ወዲያው «እሺ፣ ግን ከብት የሚለቅበትን አልምርም» አሉና ሰውን ሁሉ አሳቁት።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሣሩ ሥር ሳይሰድ ውሃ ከገባበት ተጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ የበጠሱትን እርከን ደፍነው አንድ ክረምት ሳይበጠስ፣ ውሃው ማሳቸው ላይ ተኝቶ ይክረም ማለት ነው። ማለትም ጤፍ የለም። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት የላይኛው አባወራ ናቸው፤ መሬታቸው ሰፊም ሜዳማም ነው። ነገርኳቸው። እሺ አይሉኝም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሺ ሲሉኝ ደግሞ የበለጠ ፈራሁ፤ ያችን የጥሯን እሺ አውቃታለሁና።

ቢሮ ስመለስ ኃላፊዬ ቅጹን ዘርግቶ ጠበቀኝ። «የሣር መውረጃ? የት ላግባው? እርከን አይደለም፣ ጋቢዮን አይደለም፣ ችግኝ አይደለም» አለኝ።

«ወጪው ከጋቢዮኑ ሽቦ እሩቡን አይሆንም» አልኩት።

«ርካሽ መሆኑማ ነው ችግሩ። ይኸንን ከላይ ማን ያየዋል?»

ልጮህበት ነበር። እሱ ግን ማስመሪያ አወጣና በቅጹ ዳርቻ ላይ በእስክሪብቶ አዲስ ዓምድ አሰመረ። «ቢጠይቁኝ አንቺን ነው የምጠራው» አለ። ያ ሰው በብዙ ነገር አናዶኛል፤ በዚያች መስመር ግን ሁሉን ይቅር ብዬዋለሁ። ገንዘቡም በጥር ተለቀቀ። መውረጃው በየካቲት ተቆፈረ፣ ሰኔ ላይ ከችግኝ ጣቢያው የመጣ ደሾ ሣር ተተከለ።

ያን ክረምት እንቅልፍ አልነበረኝም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየሄድኩ እርከኑን አያለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የላይኛው ማሳ ኩሬ መስሎ ነበር፤ ዳክዬ ያርፍበታል። አባወራው ዳር ላይ ቆመው ያያሉ። አንድ የዶማ ምት ብቻ ነው የሚበቃው። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

«አስቀያሚ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ነው አባቴ።»

«ልጆቹ ምን ነካህ ይሉኛል።» ወደ ታች ወደ መውረጃው አዩና «ሣሩ ያዘ?» አሉ።

«እየያዘ ነው።»

«በይ» ብለው ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እርከኑ አልተበጠሰም። መስከረም ላይ ውሃው ሲቀንስ እርጥቡ ላይ ጓያ ዘሩ። ጤፋቸውን ያጡበትን ዓመት ለማንም ሪፖርት አላደረጉትም፣ በየትኛውም የመንግሥት ወጪ ውስጥም አልተጻፈም። መንግሥት አካባቢን ለመጠበቅ ምን ያህል አወጣ ሲባል በሰማሁ ቁጥር እኚያን ሰው አስባለሁ። የሣሩን ዋጋ እኛ ከፈልን፤ ሣሩ የሚበቅልበትን ጊዜ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ከሁለቱም ምንም አይወጣም ነበር።

በቀጣዩ ሰኔ፣ ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሣሩ ሊለቀቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ዝውውሩን ከዓመት በፊት የጠየቅሁት እኔው ነኝ፤ ሲደርሰኝ ግን ልሳደብ ምንም አልቀረኝም። ሞጣ ላይ ሐምሌ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያድረውን ዝናብ እየሰማሁ የማስበው ያንን ተዳፋት ነበር። እማማ ስልክ የላቸውም። ሲብስብኝ የሚበይደውን ልጃቸውን አጠያይቄ አገኘሁት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝ። ቢቸና እሠራ እንደነበር፣ እናቱን እንደማውቅ ነገርኩት። ስለ መሬቱ ምን ሰማህ አልኩት። «ነይ ላሳይሽ» ብሎ ከሱቁ ጀርባ ወሰደኝ። አዲስ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ተለስኖ ኖራ ተቀብቷል፣ በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ ከደረጃው ጎን በአሮጊት እጅ ልክ ዝቅ ብሎ የተበየደ የብረት መደገፊያ።

«ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት» አለ። «ባለፈው ሳምንት መኪና ይዤ ሄድኩ። ይህ ክረምት ቤቷን ሳይወስድባት ብዬ። ስደርስ ሣር ታጭዳለች። ውሃው አጠገቧ ይወርዳል፣ የጠራ ውሃ። ታች ያ የሽቦ ግድግዳ እንኳ ከኋላው ጥቂት ደለል ይዞ ጌሾ ተክላበታለች። እንሂድ ብላት፣ ማን ያጭደዋል አለችኝ። ክፍሉስ ብላት፣ አከራየው አለች።»

የተቆጣ መስሎት ነበር፤ ፊቱ ግን ይስቅ ነበር። እኔ ዞር ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ። ከዚያ ክፍሉን አከራይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት።

አላከራየውም ነበር። ሞጣ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ የኖርኩት እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ፣ ሳያስፈልገኝ፣ ያንን ብረት ይዤ ነበር የምወርደው።